መብራት ሲሄድ የሚወድቁ ፓኬጅ ማኔጀሮች፦ ጥያቄው ከቦንጋ ሲታይ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ሰው ቦንጋ ይደርሳል። ቦንጋ የካፋ ዞን ዋና ከተማ ነች፤ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ሆናለች። አገር የሚያውቃት በቡናዋ፣ በጫካዋና ዩኔስኮ በመዘገበው የካፋ ባዮስፌር ሪዘርቭ ነው። ከአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ፣ የመምህራን ኮሌጅ፣ ሆስፒታል፣ ባንኮችና የክልል ቢሮዎች ያሉባት ከተማ ግን ሌላም ዓይነት ሰው አላት፦ ሶፍትዌር የሚጭን፣ የሚያድስና ሲበላሽ የሚጠግን። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው የእሱን ችግር ነው። በተርሚናል የሚታዘዝ ፓኬጅ ማኔጀር ሥራው መሃል ላይ ሲወድቅ፣ ባለሙያዎቹ እንደሚሉት “ክራሽ ሲያደርግ”፣ ምኑ ይጠገናል? ማን ይጠግነዋል? ጥገናውስ መብራት በሚቆራረጥበትና ኔትወርክ በሚደክምበት ቦታ ለተቀመጠ ሰው ይደርሳል ወይ?

ፓኬጅ ማኔጀር የሚሠራውን መናገር ቀላል ነው። የተፈለገውን ፕሮግራም ከሩቅ ሰርቨር ያመጣል፤ ያ ፕሮግራም ያለ እነሱ የማይሠራባቸውን ሌሎች ፕሮግራሞች አብሮ ያመጣል፤ ፊርማቸውን ይመረምራል፤ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፤ ያስቀመጠውን በመዝገብ ይጽፋል። በዴቢያንና በኡቡንቱ ይህን የሚሠሩት አፕትና ዲፒኬጂ ናቸው። በፓይተን ፒፕ፣ በጃቫስክሪፕት ኤንፒኤም፣ በፌዶራና በሬድ ሃት ወገን አርፒኤም አለ። የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ሲወድቅ አንድ ሰነድ ይጠፋ ይሆናል። ፓኬጅ ማኔጀር ሲወድቅ ግን የተበላሸውን ለማስተካከል የምንፈልገው መሣሪያ ራሱ የወደቀው ይሆናል፤ ጣራ ላይ ከወጣ በኋላ መሰላሉ የወደቀበት ሰው የሚደርስበት ዓይነት ችግር ነው።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው እንለይ። ፓኬጅ ማኔጀሩ “ይህን ፋይል ማግኘት አልቻልኩም” ብሎ ሥርዓት ባለው መልክ ከቆመ ክራሽ አላደረገም፤ ሥራውን ሠርቷል። ክራሽ የሚባለው ፕሮግራሙ ራሱ ያላሰበው ሁኔታ ገጥሞት ሲሞት ነው። በሲ የተጻፈው “ሴግመንቴሽን ፎልት” ብሎ በአንድ መስመር ይጠፋል፤ በፓይተን የተጻፈው ትሬስባክ የሚባል ገጽ የሚሞላ የስህተት ዝርዝር ይዘረግፋል። ሦስተኛም አለ፦ ፕሮግራሙ ምንም ሳያጠፋ መብራት ይሄድና ከእነ ኮምፒውተሩ ይሞታል። ስለ ፕሮግራም ክራሽ ሲወራ ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ አይነሳም። ካፋ ውስጥ፣ በተለይ ዝናብ በጠናባቸው ወራት፣ ዋናው እሱ ነው። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ዴቢያን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1993 ነው፤ ዲፒኬጂም ከእሱ ጋር ያደገ ዕድሜ ጠገብ ፕሮግራም ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ካልተለዩ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዲፒኬጂ አሠራር ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ ጥርጣሬ አለበት፦ “መሃል ላይ ልሞት እችላለሁ።” ስለዚህ እያንዳንዱን ፓኬጅ በደረጃ ይመዘግበዋል። ፋይሉን መዘርገፍ ሲጀምር “ግማሽ የተጫነ”፣ ዘርግፎ ሲጨርስ “የተዘረገፈ”፣ ማስተካከያውን ሲጀምር “ግማሽ የተስተካከለ”፣ ሁሉም ሲያልቅ “የተጫነ” ብሎ ይጽፋል። ዋናውን መዝገብ በየጊዜው ከመድፈር ይልቅ ለውጦቹን መጀመሪያ በቁጥር በተሰየሙ ትንንሽ ፋይሎች ያኖራቸዋል፤ ኋላ ወደ ዋናው ያዛውራቸዋል። መብራት ሄዶ ሲመለስ እነዚህን ማስታወሻዎች አንብቦ የት ላይ እንደነበር ያውቃል። በኡቡንቱ ላይ ብዙ ሰው የሚያየው “ዲፒኬጂ ተቋርጧል፣ ይህን ትዕዛዝ በእጅህ ስጥ” የሚለው መልእክት ከዚህ የሚመጣ ነው። የሚሰጠው ትዕዛዝ፣ ማለትም ያልተስተካከሉትን ሁሉ እንዲያስተካክል ዲፒኬጂን ማዘዝ፣ ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን ያስነሳዋል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ይህ ጥንቃቄ ግን በአንድ ወቅት ከሥሩ ተናግቶ ነበር። በ2009 አካባቢ ብዙ የሊነክስ ማሽኖች ኤክስት 4 ወደሚባለው የፋይል ሲስተም ሲዛወሩ፣ ሲስተሙ ለፍጥነት ብሎ የፋይሉን ይዘት ዲስክ ላይ መጻፉን ያዘገይ ጀመር። ስሙ ተጽፎ ይዘቱ ገና ሳይጻፍ መብራት ከሄደ፣ ሲመለስ ስም ብቻ ያለው ባዶ ፋይል ይገኛል። የዲፒኬጂ ሰዎች መፍትሔ አድርገው የወሰዱት፣ ከእያንዳንዱ ወሳኝ ጽሑፍ በኋላ “እውነት ዲስኩ ላይ ደርሷል ወይ” ብሎ ሲስተሙን ማስገደድ ነው። መፍትሔው ሠራ፤ ግን ጭነቱን አዘገየው። ቅሬታውም ወዲያው መጣ፣ ይህን ማስገደድ የሚያጠፉ ምርጫዎችና ረዳት ፕሮግራሞችም ተከተሉ። መብራት በማይጠፋበት አዳራሽ ሰርቨር ለሚያሳድር ሰው ማጥፋቱ ምክንያት አለው። እኛ አገር “ያፋጥናል” ተብሎ የሚገለበጠው ያው ምክር ግን ጉዳቱ የከፋ ነው። ቦንጋ ውስጥ ያለ ዩፒኤስ የሚሠራ ሰው ያንን ዘገምተኛነት ሊጠላው አይገባም፤ የሚያስገኝለት ነገር አለና።

ዲፒኬጂ የሚጠብቀው የራሱን መዝገብ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ፓኬጅ ሲስተካከል የሚሮጥ የራሱ ስክሪፕት ይዞ ይመጣል፤ ስክሪፕቱ ዳታቤዝ ይከፍታል፣ ተጠቃሚ ይፈጥራል፣ አገልግሎት ያስነሳል። የዴቢያን የፖሊሲ ሰነድ እነዚህ ስክሪፕቶች ሁለት ጊዜ ቢሮጡም ጉዳት እንዳያደርሱ ያዛል። ትእዛዙን ማክበር ግን በስክሪፕቱ ጸሐፊ ጉልበት ልክ ነው። ኮሃን እንውሰድ። በኒውዚላንድ ተጀምሮ ከጥር 2000 ጀምሮ ቤተ መጻሕፍት የሚያገለግል፣ በነጻ የሚገኝ፣ ኢትዮጵያ ውስጥም የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የሚያውቁት ሶፍትዌር ነው። በዴቢያን ፓኬጅነት ሲታደስ የፓኬጁ ስክሪፕት የዳታቤዙን ቅርጽ ጭምር ያድሳል። የሚጠቀምበት ማሪያ ዲቢ ግን የሠንጠረዥ ቅርጽ ለውጥን እንደ ተራ የመዝገብ ለውጥ ወደ ኋላ አይመልስም። አምስት ሠንጠረዥ ተለውጦ ስድስተኛው ላይ መብራት ከሄደ፣ ዲፒኬጂ ሲነሳ “ላስተካክል” ይላል፤ ስክሪፕቱ ከመጀመሪያው ይሮጣል፤ አስቀድሞ የተጨመረው አምድ “አለሁ” ይለዋል፤ ጭነቱ እዚያው ይደናቀፋል። እዚህ ላይ ዲፒኬጂን መጠገን ምንም አይረዳም። የሚረዳው ከዕድሳቱ በፊት የተወሰደ የዳታቤዝ ቅጂ ነው። መስኮት ላይ “ሲስተም የለም” ተብሎ ተገልጋይ ከሚመለስባቸው ቀናት መካከል ስንቶቹ የዚህ ዓይነት ግማሽ ዕድሳት ይሆኑ ብዬ አስባለሁ።

በዚሁ አካባቢ የሚዞር አንድ መጥፎ ምክርም አለ። አፕት “ቁልፉን ሌላ ፕሮግራም ይዞታል” ሲል፣ “የቁልፉን ፋይል አጥፋው” የሚለው ነው። ቁልፉ ግን ፋይሉ አይደለም። ቁልፉን የያዘው በሕይወት ያለ ፕሮግራም ነው፣ ፕሮግራሙ ሲሞትም ሲስተሙ ቁልፉን በራሱ ይለቀዋል። ስለዚህ መልእክቱ ከመጣ በእርግጥ የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም አለ ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ኡቡንቱ ከጀርባ የሚያካሂደው የጸጥታ ዕድሳት። ፋይሉን ያጠፋ ሰው ሁለት ፕሮግራሞች አንድ መዝገብ ላይ እንዲጽፉ በር ከፈተ። መጠበቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። በደከመ ኔትወርክ ያ ዕድሳት ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል ትዕግሥቱ ከባድ እንደሆነ አልክድም።

ከመብራቱ ወደ ኔትወርኩ ስንመጣ የሚገርም ነገር እናገኛለን፦ ዕድሜ ያለው መሣሪያ ከአዲሱ ይሻላል። አፕት የተጻፈው በ1998 አካባቢ ነው፤ ያኔ የአሜሪካና የአውሮፓ ተጠቃሚ ራሱ በስልክ መስመር ሞደም ነበር የሚገባው። ስለዚህ አፕት ያልጨረሰውን ፋይል በተለየ ማኅደር ያስቀምጥና መስመር ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ከቦንጋ ሆኖ 200 ሜጋባይት የሚያወርድ ሰው ሦስት ጊዜ ቢቋረጥበት የሚከፍለው ለ200 ሜጋባይት ነው። ፒፕ በ2008 ሲወለድ ፈጣን መስመር ያለው ቢሮ ውስጥ ነበር የተወለደው። የተቋረጠ ፋይል ጥሎ ከዜሮ መጀመር ለብዙ ዓመታት ልማዱ ሆኖ ቆየ። ለ15 ሰከንድ መልስ ካጣ ተስፋ ይቆርጣል፣ ጥቂት ጊዜ ይሞክራል፣ ከዚያም ረጅም ትሬስባክ ዘርግፎ ይወድቃል። ለትንንሽ ፓኬጆች ጉዳቱ አይታይም። ለማሽን ለርኒንግ የሚያስፈልገውን ፓይቶርችን ከግራፊክስ ካርድ ድጋፉ ጋር ለማውረድ ግን 700 ሜጋባይትና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። 650 ላይ ሲቋረጥ ተማሪው የገዛው የኢንተርኔት ጥቅል አልቆ በእጁ ምንም አይቀርም። ካቋረጠበት የመቀጠል ችሎታ ፒፕ ውስጥ የገባው በ2025 ነው፤ መጀመሪያ እንደ ምርጫ፣ ቀጥሎ በሚወጣው ዕትም እንደ ልማድ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ሲጀመር ፕሮግራም ጽሕፈት ለመማር የተመዘገበ የክፍለ ሀገር ወጣት የነበረው ፒፕ ገና ያንን የማያውቀው ነበር።

ኤንፒኤምም የራሱ ታሪክ አለው። ለዓመታት ጃቫስክሪፕት የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሚያውቀው “ሲቢ በፍጹም አልተጠራም” የሚል ምስጢራዊ የውድቀት መልእክት ነበረው። ትርጉሙ ይህ ነው፦ አንድ ሥራ “ስጨርስ እጠራሃለሁ” ብሎ ሄደ፣ ሳይጠራ ቀረ፣ ኤንፒኤምም የሚጠብቀው ነገር እንደሌለ አይቶ ወጣ። ችግሩ ለዚህ መልእክት አንድ ምክንያት አለመኖሩ ነበር። የተቋረጠ መስመር፣ የተበላሸ መሸጎጫ፣ የሞላ ዲስክ፣ ሁሉም ወደዚያው መስመር ይወስዱ ነበር። ጠጋኞቹ መልእክቱን በአንድ ጊዜ ማጥፋት አልቻሉም፤ ሳይጠሩ የሚቀሩትን ሥራዎች አንድ በአንድ ማደን ነበረባቸው። ተጠቃሚው ግን የሚነገረው መፍትሔ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ መሸጎጫውን አጥፋና እንደገና አውርድ። ካሊፎርኒያ ላለ ሰው የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ለእኛ የገንዘብ ውሳኔ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ድብቅ ወጪ የጥገኝነት ስሌት ነው። ይህ ፓኬጅ ያንን ይፈልጋል፣ ያኛው ሌላውን አይወድም፤ ሁሉንም የሚያስማማ ምርጫ መፈለግ በሒሳብ ከባዱ ጎራ ውስጥ እንደሚመደብ አውሮፓውያን ተመራማሪዎች በ2006 አካባቢ አሳይተዋል። ፒፕ በ2020 መጨረሻ ጠንቃቃ አዲስ ስሌት ሲያስገባ፣ አንድ ፓኬጅ ካልተስማማ ወደ ኋላ እየተመለሰ የቆዩ ዕትሞችን ይሞክር ጀመር። ዕትሙ ምን እንደሚፈልግ ለማወቅ ብዙ ጊዜ ዕትሙን ሙሉ በሙሉ ማውረድ ነበረበት። ትክክለኛነቱ ጨመረ፣ የሚወርደውም ጨመረ። የፓኬጁን መግለጫ ብቻ ለይቶ ማቅረብ የተለመደው ከ2023 በኋላ ነው። ኮንዳ የሚባለው ሌላ ፓኬጅ ማኔጀር የቀድሞ ስሌቱ ደግሞ ሜሞሪ ይበላ ስለነበር 4 ጊጋባይት ባለው ላፕቶፕ ላይ ሲስተሙ ራሱ ይገድለው ነበር፤ በ2023 መጨረሻ በፈጣኑ ተተክቷል። ስለ አርፒኤም ብዙ የምለው የለም፦ መዝገቡን የሚያኖርበት በርክሊ ዲቢ መብራት ሲሄድ እየተበላሸ “መዝገቡን እንደገና ገንባ” ማለት የአስተዳዳሪዎች ጸሎት ሆኖ ኖረ፣ ፌዶራ በ2020 ወደ ኤስኪውላይት ሲያዛውረው ነገሩ ረገበ።

እስካሁን ያየናቸው ከውጭ በመጣ ነገር የወደቁ ናቸው። ከራሱ ከፕሮግራሙ ውስጥ የሚመነጨውን ክራሽ ማየት ከተፈለገ፣ የአፕት መሸጎጫ ከማውቃቸው ሁሉ የሚያስተምር ምሳሌ ነው። አፕት ያሉትን ፓኬጆች ሁሉ ዝርዝር ሜሞሪ ውስጥ በአንድ ረጅም መዝገብ ያኖራል። ድሮ የመዝገቡ መጠን የተወሰነ ነበርና የፓኬጁ ቁጥር ሲበዛ “ቦታ አለቀ” ብሎ ይቆም ነበር። ተጠቃሚው ገደቡን በእጁ ከፍ ማድረግ ነበረበት። ጠጋኞቹ መዝገቡ ሲሞላ በራሱ እንዲያድግ አደረጉ። አንዱ ችግር ተፈታ፣ ሌላ ተወለደ፦ ሲስተሙ መዝገቡን ለማስፋት ሲል ወደ ሌላ የሜሞሪ ቦታ ሊያዛውረው ይችላል። የድሮውን አድራሻ ይዞ የቀረ ፖይንተር ካለ፣ ማንም በሌለበት ቤት ሄዶ ይጽፋል፣ ሴግመንቴሽን ፎልት ይከተላል። ተንኮለኛው ደግሞ ይህ ነው። “በዚህ ቦታ ላይ ያንን ስም ጻፍ” በሚል አንድ የሲ ፕላስ ፕላስ መስመር ውስጥ ቦታው አስቀድሞ ከተሰላና ስሙን ማስገባቱ መዝገቡን ካዛወረው፣ መስመሩ ሲነበብ ጥፋት የለውም፣ ሲሮጥ ግን ይገድላል። የትኛው ወገን ቀድሞ እንደሚሰላ ቋንቋው ራሱ እስከ 2017ቱ ደንብ ድረስ አልወሰነም ነበር፤ ለኮምፓይለሩ የተተወ ነበር።

ለዚህ ነው እንዲህ ያለ ክራሽ በአንዱ ማሽን ታይቶ በሌላው የማይታየው። የፓኬጅ ምንጭ ያበዛ ሰው መዝገቡ ይሞላል፣ ይዛወራል፣ ይወድቃል፤ ጥቂት ምንጭ ያለው ጎረቤቱ “እኔ ጋ ይሠራል” ይላል። ጥገናውም ሁለት ሥራ ነው። አንደኛው ከአድራሻ ይልቅ ከመዝገቡ መነሻ ያለውን ርቀት መያዝ ነው፤ መዝገቡ የትም ቢዛወር ርቀቱ አይለወጥም። ሁለተኛው፣ እኔ የበለጠ የምወደው፣ ችግሩን በፈቃድ መጥራት ነው። አፕት መዝገቡ በምን ያህል መጠን እንዲጀምር የሚወስን ምርጫ አለው። መጠኑን ሆን ብሎ በጣም ትንሽ አድርጎ የሚሞክር ሰው መዝገቡ በየጥቂቱ እንዲዛወር ያስገድደዋል፤ በዓመት አንዴ የሚታየው ክራሽ በየሙከራው ይታያል። ክራሽን በፈለጉት ጊዜ መጥራት የቻሉ ጠጋኞች ግማሹን መንገድ ሄደዋል። ሳይጠሩት “ባዶ መሆኑን አረጋግጥ” የምትል አንዲት መስመር ጨምረው የሚያልፉት ግን ጩኸቱን አፍነው በሽታውን ይተዉታል፤ ሲወድቅ የነበረው ፕሮግራም ከዚያ በኋላ ሳይወድቅ የተሳሳተ መዝገብ ይጽፋል። ከሁለቱ መውደቁ ይሻላል። ለተራው ተጠቃሚ ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለ፦ ይህ መዝገብ ዲስክ ላይ የሚቀመጠው ቅጂ ከሌሎች ፋይሎች እንደገና ሊሠራ የሚችል መሸጎጫ ነው። በመብራት መሄድ ከተበላሸና አፕት በተነሳ ቁጥር ከወደቀ፣ ሁለቱን የመሸጎጫ ፋይሎች ማጥፋት ያስነሳዋል፤ ኢንተርኔትም አይፈልግም።

አገራችን ብቻ የምታመጣቸው ምክንያቶችም አሉ። የመጀመሪያው ሰዓት ነው። የኮምፒውተሩ ትንሽ ባትሪ የሞተበት ማሽን መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። ከዚህ ሌላ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩም ሦስት እንዲል ብሎ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚያስቀምጠው ሰው አለ፤ ደብዳቤው ላይ የኢትዮጵያ ዓመት እንዲወጣለት ዘመኑን ሰባት ስምንት ዓመት የሚመልስም አለ። በራሱ አቆጣጠር መኖሩ መብቱ ነው፣ ፓኬጅ ማኔጀሩ ግን አይምረውም። ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ማሽን ላይ አፕት ዛሬ የተፈረመውን ዝርዝር “ገና ያልደረሰ” ብሎ ይመልሰዋል። ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ማሽን ላይ ደግሞ የድረ ገጾቹ የምስክር ወረቀት ሁሉ ገና አልተወለደም፤ ፒፕ የጸጥታ ስህተት ነው ብሎ ትሬስባኩን ያወርዳል። ከዚያ ብዙ ሰው የሚሄደው ፍተሻውን ወደሚያጠፋ ምርጫ ነው። ሰዓቱን ማስተካከል ይቀላል፣ አደጋም የለውም።

ሁለተኛው ፊደላችን ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው ሦስተኛ ዕትም ነው፤ በዛሬው የተለመደ አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። የዊንዶውስ መለያ ስሙን በአማርኛ የጻፈ ሰው የቤት ማኅደሩ መንገድ በአማርኛ ይሆናል፣ በፓይተን 2 ዘመን ፒፕ ያንን መንገድ ማንበብ አቅቶት ይወድቅ ነበር። ችግሩ የእኛ ብቻ አልነበረም። የፒኤችፒ ፓኬጆችን ለኡቡንቱ የሚያዘጋጀው የቼኩ ኦንድሬ ሱሪ ስሙ ከእንግሊዝኛ ፊደል የወጣ ምልክት ስላለበት፣ ምንጩን ለመጨመር የሞከሩ ሰርቨሮች ቋንቋቸው ካልተስተካከለ ትዕዛዙ በዩኒኮድ ስህተት ይወድቅባቸው ነበር። በአንድ ሰው ስም ምክንያት በዓለም ዙሪያ ሰርቨሮች ሲደናቀፉ ማየት የሚያስቅ ነው፤ ስማችን ሙሉ በሙሉ ከዚያ ፊደል ውጭ ለሆነው ለእኛ ግን ነገሩ ቁም ነገር አለው።

ከሁሉ ረቂቁ ደግሞ ኡቡንቱ ሲጫን የአዲስ አበባን ሰዓት የመረጠ ሰው ላይ የሚደርሰው ነው። ጫኙ የቁጥሩን፣ የቀኑንና የገንዘቡን አጻጻፍ በራሱ የኢትዮጵያ አማርኛ ያደርገዋል። ይህ ቅንብር ከብዙዎቹ የሚለየው ከስሙ መጨረሻ “ዩቲኤፍ 8” የሚል ቅጥያ ስለሌለው ነው፤ ከመጀመሪያው ሌላ አጻጻፍ ኖሮት አያውቅምና አላስፈለገውም። ቅጥያውን አይቶ የሚወስን ያረጀ ፕሮግራም ግን የላቲን አጻጻፍ ነው ብሎ ይገምታል፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ቀን ሲያነብ ይሰበራል። ያው ሰው ውጭ አገር ወዳለ ሰርቨር በተርሚናል ሲገባ ቅንብሩ አብሮት ይሄዳል፤ ሰርቨሩ አማርኛን አያውቅምና ፓኬጅ በጫነ ቁጥር ፐርል “ቋንቋውን ማስተካከል አልቻልኩም” እያለ ገጽ ይሞላል። ማስጠንቀቂያ እንጂ ክራሽ አይደለም፣ እውነተኛውን ስህተት ግን ይቀብረዋል። መፍትሔው ለአንዲቷ ትዕዛዝ ብቻ ገለልተኛውን የዩቲኤፍ 8 ቅንብር መስጠት ነው። በዚሁ የሊነክስ የቋንቋ ዝርዝር ከአማርኛ ሌላ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና ግዕዝ አሉ። ቦንጋ የምትናገረው ካፊኖኖ የለበትም።

ወደ ፊት የሚያይ ሰው ይህን ሁሉ ጥገና ትቶ ሌላ መንገድ ይጠቁም ይሆናል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በኔዘርላንድስ የተነሳው ኒክስ ፓኬጁን ከድሮው ጎን በአዲስ ቦታ ጭኖ ሁሉም ሲያልቅ ብቻ ምልክቱን ያዞራል፤ መሃል ላይ መብራት ቢሄድ የድሮው እንዳለ ነው። ሙሉ ሲስተሙን በአንድ ምስል የሚያድሱትም በዚያው ሐሳብ ይሄዳሉ። ሐሳቡ ያምራል፣ ክራሽን ከነትርጉሙ ሊያጠፋው ይቀርባል። ዋጋው የሚወርደው መጠንና የሚይዘው ዲስክ ነው፤ አንድ መሠረታዊ ቤተ መጻሕፍት ሲለወጥ በላዩ የቆመው ሁሉ እንደገና ይወርዳል። ውኃ በማያልቅበት አገር የተሠራ መስኖ ሁሉ እዚህ አይሠራም፤ ለጊዜው ለካፋ የሚመቸው የዲፒኬጂ ማስታወሻና የአፕት ካቆሙበት መቀጠል ይመስለኛል።

ከዚያ ይልቅ ፈጥኖ የሚረዳው ኔትወርኩን ከጭነቱ መለየት ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲቆይ፣ መጫን የቻለው አስቀድሞ ያኖረ ብቻ ነበር። አፕት ኦፍላይን የተባለው መሣሪያ ለዚህ የተሠራ ነው፦ ኢንተርኔት የሌለው ማሽን የሚያስፈልገውን ዝርዝር በፋይል ይጽፋል፤ ፋይሉ በፍላሽ ተይዞ መስመር ወዳለበት ይሄዳል፤ የወረደው ተመልሶ ከነፊርማ ምርመራው ይጫናል። ከዴቻ ወይም ከጨና ወደ ቦንጋ ለገበያ የሚመጣ ሰው ሊያደርሰው ይችላል። ፒፕም ማውረድን ከመጫን ለይቶ መሥራት ይችላል። ሃምሳ ኮምፒውተር ላለው የማስተማሪያ ክፍል ደግሞ አፕት ካቸር ኤንጂ የተባለውን ፕሮግራም በአንዱ ላይ መትከል ይበቃል፤ የመጀመሪያው ያወረደውን አርባ ዘጠኙ ከጎረቤት ይወስዳሉ። በቴሌግራም የሚዞሩ የፓኬጅ ፋይሎችን ግን አልመክርም። በፋይል በቀጥታ የሚጫን ፓኬጅ አፕት ከምንጩ ሲያመጣ የሚመረምረውን ፊርማ አያልፍበትም።

አሁን ወደ ማን ይጠግነዋል እንምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ቅሬታዬ። ጥገና የሚሄደው ሪፖርት ወደመጣበት ነው። ኡቡንቱ ላይ ፕሮግራም ሲወድቅ አፖርት የሚባለው ሰብሳቢ የፕሮግራሙን ሜሞሪ ከነሁኔታው ጠቅልሎ ያስቀምጥና ይላክ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጥቅሉ ብዙ ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። በመስመር መቋረጥ ምክንያት የወደቀ ፕሮግራም ሪፖርቱን እንዲልክ የሚጠየቀው ያው መስመር ነው፤ በዳታ ካርድ የሚሠራ ሰው “አይላክ” ይላል፣ ልክ ነው። በመብራት መሄድ የወደቀውማ ጭራሽ ጥቅል አይተውም። እንዲህ ሲሆን የጠጋኞቹ ሠንጠረዥ ላይ ከካፋ የመጣ ክራሽ አይታይም፣ የማይታይ ክራሽ ደግሞ ቅድሚያ አያገኝም። ፒፕ ካቆመበት ለመቀጠል ከ2008 እስከ 2025 የፈጀበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ ችሎታው ከባድ ስለሆነ አልነበረም፣ አፕት በሞደም ዘመን ሠርቶታልና።

ሜሞሪውን መላክ ግን ግዴታ አይደለም። ጠጋኝ የሚፈልገው የፕሮግራሙ ዕትም፣ የተሰጠው ትዕዛዝ እንዳለ፣ የወደቀበት የጥሪ ሰንሰለት፣ ከመውደቁ በፊት የሆነው ነገር፣ የማሽኑ ቋንቋና ሰዓት ነው። መልእክቱ ከነትሬስባኩ ጥቂት ኪሎባይት ነው፣ ከአንድ ፎቶ ያነሰ። ምክንያቱ የመብራት መሄድ ከሆነ በግልጽ ይጻፍ፤ “ጭነቱ 60 በመቶ ላይ እያለ መብራት ሄደ” የምትል አንዲት መስመር ጠጋኙ ሊገምተው የማይችለው መረጃ ነች። ዴቢያን የስህተት ሪፖርት የሚቀበለው እስከ ዛሬ በኢሜይል ነው። ሪፖርትባግ የተባለው ትንሽ ፕሮግራሙ መልእክቱን አዘጋጅቶ ወዲያው ከመላክ ይልቅ በፋይል ማስቀመጥ ይችላል፤ ፋይሉ ኔትወርክ እስኪመለስ ይቆይና ከየትኛውም የኢሜይል ሳጥን፣ ከስልክም ቢሆን፣ ይላካል።